ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት በኋላ ምንም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ 14፣ 10 እና 8 ዓመታቸው ነው። የ68 ዓመት እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ኮሎራዶ ውስጥ ኤስተስ ፓርክ የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ሄደን አንድ ሳምንት ለማረፍ አስበናል። ችግሩ፣ እኛ ቤት እረፍት ማለት ሩጫ ነው። አምና በሰባት ቀን አራት ከተማ አዳርሰን ከመሄዳችን በፊት ከነበረው የባሰ ደክመን ተመለስን። እኔ ደግሞ የትም ብንሄድ ከምድጃ አልርቅም። ባለቤቴ ዘንድሮም «እዚያ ድረስ ከሄድን አይቀር» እያለ ኮሎራዶ ስፕሪንግስንና ፓይክስ ፒክ የተባለውን ተራራ ጨምሯል። እዚያው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው ታላቅ ወንድሜ «የእኔ ቤት እያለ ኪራይ ምን ያደርጋል? ከዚህ እየተመላለሳችሁ እዩ» ይላል፤ እምቢ ብለው ይቀየመኛል። ከፍታው እናቴን ይጎዳት ይሆን ብዬ ስጨነቅ ደግሞ «የአዲስ አበባ ሰው አይደለች እንዴ!» ብለው ያልፉኛል። እንዴት ብናደርግ ነው በእውነት አርፈን የምንመለሰው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የሳምንቱ ደንብ ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት በኋላ ምንም ይሁን። በመጀመሪያ ግን የከፍታውን ነገር እንያዝ፤ የሳምንቱ ዕቅድ በሙሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ጭንቀትዎም ተገቢ ነው።

ኤስተስ ፓርክ ከባሕር ጠለል በላይ 2,293 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ መሃል ከተማ ብዙም አትለይም። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ እናትዎ በዚህ ከፍታ ኖረው ያውቃሉ። ነገር ግን ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እስከኖረ ድረስ ብቻ ነው። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ልምዱ ይጠፋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ የምትል በመሆኗ እናትዎ ዛሬ ለከፍታ እንግዳ ናቸው፤ ልጆችዎም እንደዚያው። ኤስተስ ፓርክ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ሜሪላንድ ከለመዱት ሩብ ያህል ያነሰ ነው።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይመጣል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ። ትንሽ ልጅ ራሴን አመመኝ ከማለት ይልቅ ይነጫነጫል፤ የ8 ዓመቱ ልጅ በሁለተኛው ቀን ያለ ምክንያት ቢያለቅስ ጠባዩ ተበላሸ ብላችሁ አትቆጡት። ውሃ ስጡት፣ አስተኙት። በእረፍትና በውሃ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የሚያሰጋ አይደለም። ቁጭ ባለበት የሚያለከልክ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ነገር የሚምታታበት ሰው ካለ ግን «ነገ ይሻለዋል» አይባልም፤ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ነው። ከተማዋ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል አለ።

እናትዎን ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው ሐኪማቸው ጋ ይውሰዷቸው። የሚጠየቀው ግልጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍታ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ለዚያ ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን ይለወጥ ወይስ ባለበት ይቆይ? ከሚወስዱት ውስጥ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ካለ፣ በደረቁ አየር ሰውነታቸው ውሃ እንዳያጣ ምን ይደረግ? የከፍታ ሕመም መከላከያ ክኒን ያስፈልጋቸው ይሆን? ሐኪሙ ሳያዝ ማንም ቢሆን መድኃኒታቸውን አይጨምር፣ አይቀንስ። ቤት ያለውን የግፊት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠዋትና ማታ እየለካችሁ በወረቀት ጻፉ። ኮሎራዶ አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ሰው ሳይጠማው ውሃ ያጣል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ልጆች ይነስራቸዋል። ቫዝሊን በየኪሱ፣ የውሃ ጠርሙስ በየእጁ ይሁን። የመጀመሪያዋን ምሽት ደግሞ ቢራውንም ጠጁንም ተዉት።

አሁን ወደ ወንድምዎ እንምጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአውሮራ መመላለስ አይሆንም፤ መንገዱ እንደ ትራፊኩ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ደርሶ መልስ ሲሆን የቀኑ ግማሽ መኪና ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ግን ቤታቸው በእርግጥ ያስፈልጋችኋል። አውሮራ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሜሪላንድ በቀጥታ ወደ 2,300 ሜትር ከመውጣት እዚያ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ያለማምዳል፣ በተለይ ለእናትዎ። ስለዚህ ለወንድምዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ቅዳሜ ማታ አንተ ጋ እናድራለን፣ እማዬን ከፍታውን ታለማምድልናለህ። ረቡዕ ቤተሰብህን ይዘህ ተራራው ላይ ትመጣለህ። ዓርብ ስንመለስ ምሳችን አንተ ጋ ነው።» ይህ ማባበያ አይደለም፤ እውነተኛ ድርሻ ነው፣ እሳቸውም የሚቀየሙበት ነገር አይኖርም። እንዲያውም የእንጀራውን ነገር ግማሹን ለእሳቸው እንሰጣቸዋለን፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

የትኛው ሳምንት? የእኛ ምርጫ የጁላይ ሦስተኛ ሳምንት፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ ነው። የጁላይ 4 ሰሞን ከተማዋ ትጨናነቃለች፤ ሩፍቶፕ ሮዲዮ የሚባለው የፈረስና የበሬ ትርኢትም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ተያይዞ የሚመጣ ነው። ወደ 6 ሺህ ሰው ለሚኖርባት ከተማ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ የሚገባበት የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ላይ መሆን ቀላል ጫና አይደለም። ኦገስትን እንዳንመክር ያደረገን ፍልሰታ ነው፤ ጾሙ ኦገስት 7 ይገባል። እናትዎ ጿሚ ከሆኑ፣ አዲስ ከፍታና የግፊት መድኃኒት ላይ እስከ ከሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ይጎዳቸዋል። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ የቤት ኪራዩም መንገዱም ይብሳል፤ እሑድ ከሰዓት ሌላው ሰው ሲወርድ እናንተ ትወጣላችሁ።

ቤት ሲመርጡ በፎቶ አይወሰዱ። «ኤስተስ ፓርክ አካባቢ» የሚለው ማስታወቂያ ከከተማዋ 300 ሜትር ከፍ ያለ መንደር ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ያ ለእናትዎ እንቅልፍ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ስለዚህ ትክክለኛውን ከፍታ ይጠይቁ። የእናትዎ መኝታና መታጠቢያ ቤቱ ያለ ደረጃ በአንድ ወለል ላይ ይሁን። ጣሪያ ያለው በረንዳ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሰዓት በኋላው የሚያልፈው እዚያ ነው። አየር ማቀዝቀዣ አይፈልጉ፤ በጁላይ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፣ የሚያስፈልገው ጋቢ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ወደ መሃል ከተማው ወይም ወደ ከተማዋ ሐይቅ፣ ሌክ ኤስተስ፣ በእግር የሚያስኬድ ይሁን። የ14 ዓመቱ ልጅ የ10 ዓመቱን ይዞ የከተማዋ ዋና መንገድ በሆነው ኤልክሆርን ጎዳና ላይ አይስክሬም ገዝቶ መመለስ ከቻለ፣ ያለ እርስዎ የሚያልፍ አንድ ሰዓት አገኙ ማለት ነው። ከከተማ የራቀ ውብ ጎጆ ቤት ግን ወላጅን ሹፌር ያደርጋል።

አሁን ስለ ምድጃው። ከምድጃ የማይርቁት ወጥ ቤት ያለው ቤት ስለተከራያችሁ አይደለም፤ ለስድስት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ትኩስ ምግብ መቅረብ አለበት ስለሚባል ነው። በቀን አንድ ትኩስ ምግብ ይበቃል። ቁርስ የባለቤትዎ ይሁን፤ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ። ምሳ ጠዋት ተሠርቶ በቦርሳ የሚያዝ ሳንድዊች ነው። እራት ላይ ብቻ እንጀራ ይቅረብ፤ ወጡ አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ የእርስዎ ሥራም ማሞቅ ብቻ ይሁን። አውሮራ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ሞልቷል። እሑድ ስትወጡ ሁለት ዓይነት ወጥ በየእራቱ ተከፋፍሎ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይጫን።

እንጀራ ለስድስት ሰው በአንድ እራት ስምንት ያህል ነው። እሑድ 24 ይዛችሁ ውጡ፤ ረቡዕ ወንድምዎ ትኩስ 16 እና የራሳቸውን ቤተሰብ ድርሻ ይዘው ይምጡ። እዚያ አየር ላይ የተተወ እንጀራ ጠርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ስለዚህ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ሰው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ቀን የሚበላው ውጭ ይቆይ፤ የቀረው በአራት በአራት በደንብ ታሽጎ ፍሪዘር ይግባ። ከምግብ ሁለት ሰዓት በፊት ከነማሸጊያው ይውጣና በራሱ ይለስልስ። ሳይቀልጥ ከፈቱት ይሰባበራል።

ከባዶ መሥራት ካማረዎት ደግሞ ይህን ይወቁ፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ቢጨምሩ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ድፍን ምስር ሜሪላንድ ከለመዱት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሽንብራና ባቄላ ያለ ፕሬዠር ኩከር አይሞከርም፣ ላዩ በስሎ ውስጡ ጠንካራ ይሆናል። ዶሮም እንደዚሁ ይዘገያል። ሽሮ ግን አያሳፍርም፤ ረዘም አድርጎ ማንተክተክ ብቻ ነው። ለረቡዕ ከዚህ የተሻለ የለም።

ቡናውን አትተዉት፤ ለእናትዎ የከሰዓቱ ዋና ነገር እሱ ነው። ከሰል ግን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠል፤ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል። በረንዳ ላይም አይሆንም፦ ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፣ በበጋ የእሳት ክልከላ ብዙ ጊዜ ይታወጃል። ጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ይጀምር፤ ሸክላ በድንገት ሲግል ይሰነጠቃል። ዕጣን ከፈለጉ መስኮት ከፍተው ትንሽ ብቻ፤ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፣ እሱን ማጥፋት ደግሞ አይፈቀድም።

ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ስለ መግባት። ከዚህ በታች ያለውን ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የጻፍነው። ከ2020 ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ፓርኩ ሰዓት የተቆረጠለት የመግቢያ ቀጠሮ ይጠይቃል። በ2025 የነበረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ቤር ሌክ ወደተባለው ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ለሚጨምር ጉብኝት ከጠዋቱ 5 እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት ቀጠሮ ግድ ነበር፤ ለቀረው የፓርኩ ክፍል ግን ከጠዋቱ 9 እስከ ከሰዓት 2 ብቻ። ከ9 በፊት ወይም ከ2 በኋላ የሚደርስ ሰው ወደ ቀረው ክፍል ያለ ቀጠሮ ይገባል። ለእንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሳምንቱ ውስጥ ቀጠሮ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታይ ከመያዝዎ በፊት የፓርኩን ገጽ ይመልከቱ። የጁላይ ቀጠሮ የሚከፈተው ጁን 1 ከጠዋቱ 8 ሰዓት በኮሎራዶ ነው፤ ሜሪላንድ ላይ 10 ሰዓት። የሚያዘው በሬክሪየሽን ዶት ጎቭ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያው 2 ዶላር ነው። ካመለጣችሁ ከዋዜማው ምሽት 7 ሰዓት ላይ የተረፈው ይለቀቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የመግቢያ ትኬትና ቀጠሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ቀኖቹን እንዲህ ብታደርጓቸው። እሑድ ከአውሮራ ረፋድ ላይ ተነሥታችሁ፣ መንገድ ላይ ባለችው ላየንስ ከተማ ምሳ በልታችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ዕቃ ማውረድ ብቻ። ሰኞ ሐይቁ ነው፤ ሌክ ኤስተስን የሚዞረው አስፋልት መንገድ 4 ማይል የማይሞላ ሜዳ ነው፤ ልጆቹ ብስክሌት ተከራይተው ይዙሩ፣ እናትዎ የፈለጉትን ያህል ሄደው ወንበር ላይ ይረፉ። ውሃው ለዋና አይሆንም፣ ቀዝቃዛ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ስልኩን የማይለቅ የ14 ዓመት ልጅ መንጠቆ ሲይዝ ሊተወው ይችላል። ማክሰኞ የቤር ሌክ ቀጠሮው ነው። ቤር ሌክ ራሱ ሳይሆን ስፕራግ ሌክ ይሂዱ፤ ዙሪያው አንድ ማይል የማይሞላ፣ ለጥ ያለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚያስኬድ መንገድ ነው፣ መቀመጫም አለው። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ከደረሳችሁ ተራሮቹ ውሃው ላይ ይታያሉ።

ረቡዕ የወንድምዎ ቀን ነው። የጾም በያይነቱ ከአውሮራ ይዘው ይምጡ። የተከራያችሁት ቤት ውል ስንት ሰውና ስንት መኪና እንደሚፈቅድ አስቀድመው ያንብቡ፤ ካለፈ ሐይቁ ዳር ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ብሉ።

ሐሙስ ፓርኩን በተራራው ላይ የሚያቋርጠው ትሬይል ሪጅ መንገድ ነው። ከሐሙስ በፊት አይሁን፤ መንገዱ 3,713 ሜትር ላይ ይደርሳል፣ እንጦጦን በ500 ሜትር ይበልጣል ማለት ነው፣ ኦክስጅኑም ከባሕር ጠለሉ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያነሰ ነው። ከጠዋቱ 7 ሰዓት ተነሡ። በመጀመሪያ ሜኒ ፓርክስ ከርቭ የተባለው መመልከቻ ላይ ቁሙ፤ 2,900 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ እናትዎን በደንብ ይጠይቋቸው። «ደህና ነኝ» ማለታቸው አይበቃም፤ ለልጅ ሲሉ የማይሉት ነገር የለም። ወሬ ሲያወሩ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ትንፋሽ የሚቆርጣቸው ከሆነ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ዝም ካሉ ከዚያው ይመለሱ፤ እይታው እዚያም ሙሉ ነው። ደህና ከሆኑ ሬይንቦ ከርቭ ድረስ ቀጥሉ፤ 3,300 ሜትር ላይ ነው፣ መጸዳጃም አለ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ዛፍ ያልቃል። ላይኛው ጫፍ ላይ ከተማው 25 ዲግሪ ሲሆን ነፋሱ ጃኬት ያስለብሳል። ሣሩ ላይ አትራመዱ፤ እዚያ ያለ ተክል አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። መንገዱ በብዙ ቦታ የዳር መከላከያ ስለሌለው ገደል የሚፈራ ሰው መሃል ይቀመጥ። ፓርኩ ውስጥ ነዳጅ የለም፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ከዋዜማው ነዳጅ ሙሉ፣ ካርታውን ስልክ ላይ አውርዱ። ሲወርዱ ማርሹን ዝቅ ያድርጉ፤ ፍሬን ላይ ብቻ የሚወርድ መኪና ይሸታል፣ ከዚያም አልይዝ ይላል።

ከቀትር በኋላ ምንም አታቅዱ ያልነው ለስንፍና አይደለም። በጁላይ ተራራው ላይ ደመናው የሚከማቸው ከቀትር ጀምሮ ነው፤ ከሰዓት መብረቅና ዝናብ የተለመደ ነው። ከዛፍ መስመር በላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ረጅሙ ሰው ስለሚሆን እስከ እኩለ ቀን ወርዳችሁ መገኘት አለባችሁ። ነጎድጓድ ከተሰማ መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳያልፍ አትውጡ። ከባድ ዝናብ ሲኖርም በሸለቆው መንገድ አትንዱ። ጁላይ 31 ቀን 1976 በቢግ ቶምሰን ሸለቆ የወረደው ጎርፍ ከ140 በላይ ሰው ገድሏል፤ መንገዱ ዳር «ወደ ላይ ውጡ» የሚሉት ምልክቶች የቆሙት ለዚህ ነው፣ መኪናውን ትቶ ዳገቱን መውጣት ነው። ስለዚህ ከሰዓት የበረንዳ፣ የቡና፣ የካርታና የእንቅልፍ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ እስከ ምሽት ያባራል፤ ያኔ ወንዙን ተከትሎ ወደ ከተማው በእግር መውጣት ይቻላል።

ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ከተማው መሃል ድረስ ይገባሉ፤ ልጆች ለፎቶ ሊጠጓቸው ይፈልጋሉ። ከኤልክ ቢያንስ 75 ጫማ፣ ከድብና ሙስ ከሚባለው ግዙፍ አጋዘን 120 ጫማ መራቅ የፓርኩ ደንብ ነው፤ 23 እና 36 ሜትር ማለት ነው። ግልገል ያላት እናት ኤልክ ሳታስጠነቅቅ ሰው ላይ ትንደረደራለች። ሌሊት መኪና ውስጥ የፍርፋሪ ዕቃ እንኳ አይደር፤ ድብ በር ከፍቶ ይገባል፣ መኪናውንም ያበላሸዋል። ቆሻሻ ድብ በማይከፍተው ገንዳ ውስጥ ይግባና ክዳኑ ይቆለፍ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፦ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከኤስተስ ፓርክ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይርቃል፣ ፓይክስ ፒክ ደግሞ 4,302 ሜትር ነው። እናትዎን ወደዚያ መውሰድ አይገባም፣ የቀረውም ቤተሰብ ሙሉ ቀን ያጣል። ግን ተራራ የወደደን ሰው በረንዳ ላይ ማሰር እረፍት አይሆነውም። ማክሰኞ እሳቸውና የ14 ዓመቱ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከቤር ሌክ ወደ ኤመራልድ ሌክ ይውጡ፤ አንድ መንገድ 1.8 ማይል፣ መውጫው 200 ሜትር ያህል ነው፣ መሃል ላይ ድሪም ሌክ አለ። ቀጠሮው ለመኪናው ስለሆነ ሁላችሁም በአንድ መኪና ሄዳችሁ እናንተ ስፕራግ ሌክ ላይ ትወርዳላችሁ፣ እነሱ ይቀጥላሉ። ማቆሚያው በማለዳ ስለሚሞላ ከ6 ሰዓት በፊት እዚያ መሆን አለባቸው፤ እናንተም ጋቢና ትኩስ ሻይ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ።

ስለ መኪናው ሁለት ነገር። ሜሪላንድ 8 ዓመት የሞላው ልጅ ከልጆች የመኪና መቀመጫ (ቡስተር) ሊወጣ ይችላል፤ ኮሎራዶ ግን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እስከ 9ኛ ዓመቱ ግድ ነው ትላለች። መቀመጫውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከኪራይ ድርጅት በየቀኑ ይከፈልበታል። ከአየር ማረፊያው የሚወጣው ኢ-470 ገንዘብ የማይቀበል የክፍያ መንገድ ነው፣ በሰሌዳ ተመዝግቦ ከኪራይ ድርጅቱ ጭማሪ ጋር ይመጣል። ስልክዎ ላይ «ክፍያ የሌለበት» የሚለውን ይምረጡ፤ በ36 ቁጥር መንገድ ላይም ወደ ግራው ፈጣን መስመር አትግቡ።

የመጨረሻው የመግቢያው ዋጋ ነው። ለአንድ መኪና የሰባት ቀን ትኬት 35 ዶላር ነው፤ ግን የ10 ዓመቱ ልጅ ዘንድሮ 4ኛ ክፍልን የጨረሰ ከሆነ መክፈል አያስፈልግም። በአሜሪካ የሚኖር የ4ኛ ክፍል ተማሪ ለመላው ቤተሰቡ መኪና ነጻ የፓርክ ማለፊያ ያገኛል፤ ትምህርት ቤት ቢዘጋም እስከ ኦገስት 31 ይሠራል። «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» በሚባለው ገጽ ላይ ልጁ ራሱ ይሞላዋል። ማለፊያውን ይዛችሁ፣ ልጁም መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መድረስ አለበት። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት፣ እናትዎ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ከሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ62 ስላለፈ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ ማለፊያ መውሰድ ይችላሉ፤ እሳቸው ያሉበት መኪና በሙሉ በእሱ ይገባል።